ከኤም-ፔሳ እስከ ቁንጮ ጤፍ፦ አንዳንዱ አዲስ ነገር ለምን ይስፋፋል?

የኬንያው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ኤም-ፔሳ የተባለውን በሞባይል ስልክ ገንዘብ የመላኪያ አገልግሎት ሲጀምር፣ ዓመት ሳይሞላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተመዘገቡለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አገልግሎቱ በኬንያ ከደመወዝ እስከ ጉልት ግብይት ድረስ ዘልቆ ገባ። በ2010 ቮዳኮም ይህንኑ አገልግሎት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወሰደው። ስሙም አሠራሩም ያው ነበር፤ ከሁለቱም ኩባንያዎች ጀርባ የነበረውም የብሪታንያው ቮዳፎን ነው። ደቡብ አፍሪካ ከኬንያ ይልቅ ብዙ ሕዝብና ብዙ ሀብት ያላት አገር በመሆኗ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥር ሚሊዮን ደንበኛ ለማፍራት ታቅዶ ነበር። በ2016 አገልግሎቱ ሲዘጋ ግን የተመዘገበው ሰው አንድ ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ በእርግጥ ይጠቀምበት የነበረው 76,000 ገደማ ብቻ ነበር።

አንድ ምርት ወይም ሐሳብ ሲገንን ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ማብራሪያ «ጥሩ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ኤም-ፔሳ በኬንያ የተወደደው ቀላል፣ ፈጣንና አስተማማኝ ስለነበረ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ በደቡብ አፍሪካም ቀላል፣ ፈጣንና አስተማማኝ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን በዕቃው ውስጥ ስንፈልግ ብንውል አናገኘውም፤ ሊገኝ የሚችለው ዕቃው በደረሰባቸው ሰዎች አኗኗር ውስጥ ነው።

በ2007 ኬንያ ውስጥ የባንክ ሂሳብ የነበረው ከአምስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ነበር። በናይሮቢ ሠርቶ የሚያድር ሰው ለገጠር ቤተሰቡ ገንዘብ ሲልክ በአውቶቡስ ሹፌር ወይም ወደዚያ በሚሄድ ዘመድ እጅ ይልክ ነበር፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ሊዘገይ፣ ሊጎድል ወይም ሊጠፋ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ የሞባይል ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን በመላክ፣ ተቀባዩ ካርዱን ሸጦ ገንዘብ እንዲያደርገው ማድረግ ጀምሮ ነበር። ማለትም ሕዝቡ ኤም-ፔሳ ከመምጣቱ በፊት በስልክ ገንዘብ መላክን በራሱ ዘዴ ጀምሮት ነበር። የሚገርመው ነገር አገልግሎቱን የቀረጹት ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት ሌላ መሆኑ ነው፤ ሙከራው የተካሄደው የማይክሮ ፋይናንስ ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ታስቦ ነበር። ተሞካሪዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርሳቸው ይላላኩበት ጀመር፤ ኩባንያውም ይህንን አይቶ የብድሩን ነገር ወደ ጎን በመተው «ገንዘብ ወደ አገር ቤት ይላኩ» በሚል መልእክት ወደ ገበያ ወጣ። በ2008 መጀመሪያ ከምርጫ በኋላ በተነሳው ሁከት መንገዶች ሲዘጉ፣ በየሰፈሩ መውጫ አጥተው ለቀሩ ዘመዶች ገንዘብ ማድረሻው ይኸው መንገድ ሆነ።

በደቡብ አፍሪካ በአንጻሩ አብዛኛው አዋቂ ሰው ቀድሞውንም የባንክ ሂሳብ ነበረው። ከሂሳብ ውጪ ገንዘብ መላክ የፈለገም በትልልቅ ሱፐር ማርኬቶች ካሸሮች በኩል መላክ ይችል ነበር። የደንበኛን ማንነት ስለማጣራት የወጡት ደንቦችም ጠበቅ ያሉ ነበሩ። ሳፋሪኮም አብዛኛውን የኬንያ የሞባይል ገበያ በመያዙ ላኪውም ተቀባዩም የእርሱ ደንበኛ የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ሲሆን፣ ቮዳኮም ግን ብርቱ ተፎካካሪዎች ነበሩበት። ስለዚህ ለደቡብ አፍሪካዊው ኤም-ፔሳን መቀበል ማለት የሚያውቀውን መንገድ ትቶ ሌላ መንገድ መልመድ ነበር፤ በምትኩ የሚያገኘው ትርፍ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ይህ ልዩነት በገንዘብ አገልግሎት ብቻ የሚታይ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ ጠርቶ የሚታየው በእርሻ ነው፤ ምክንያቱም አርሶ አደር አዲስ ነገር ሲሞክር የሚያስይዘው የዓመት ቀለቡን ነው። የአገራችን ጤፍ በአንድ አሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ታሪኮችን አስተናግዷል፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ተቋማት የመጡ፣ ለአንድ ዓይነት ገበሬ የቀረቡ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቁንጮ የተባለው ዝርያ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ይህን ዝርያ በ1998 ዓ.ም. ከመልቀቁ በፊት፣ በተመራማሪዎች እጅ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ዝርያዎች ነበሩ። አንደኛው ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ነገር ግን ፍሬው የሚፈለገውን ያህል ነጭ አይደለም። ሁለተኛው ማኛ የሚባለው ሲሆን፣ ፍሬው እጅግ ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን አነስተኛ ነው። በምርት ሚዛን ብቻ ቢታይ የመጀመሪያው አሸናፊ መሆን ነበረበት። ገበሬው ግን ጤፉን የሚሸጠው ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ገበያ ነው፤ ከተሜው ደግሞ ነጭ እንጀራ ይወዳል፤ ነጋዴውም ዋጋ የሚቆርጠው ፍሬውን መዳፉ ላይ አድርጎ ቀለሙን አይቶ ነው። በሄክታር ኩንታል የጨመረ፣ ነገር ግን በእህል በረንዳ ዋጋው የወረደ ጤፍ ለተመራማሪው እመርታ ሊሆን ይችላል፤ ለገበሬው ግን የማያዋጣ ንግድ ነው። ሁለቱ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘው ቁንጮ የአንዱን ምርት ከሌላው ንጣት ጋር አገናኘ።

በዚህ ላይ ዝርያው ገበሬውን ምንም አዲስ ሙያ አልጠየቀም። የሚታረሰው እንደ ወትሮው ነው፤ የሚዘራው፣ የሚታረመው፣ የሚታጨደውና የሚወቃውም እንደ ወትሮው ነው። ጤፍ በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ የሚያፈራ፣ ዘሩም ጠባዩን የማይለውጥ ሰብል በመሆኑ ገበሬው ከአዝመራው ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት መዝራት፣ ለጎረቤቱ ማበደር ወይም በሌላ እህል መለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዘሩ በመንግሥት መዋቅር ብቻ ሳይሆን በዝምድናና በጉርብትና መንገድም ተጓዘ። በእኔ ግምት ለቁንጮ መስፋፋት ከየትኛውም ሥልጠና የበለጠ ውለታ የዋለው ይህ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድበት ጠባዩ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘመቻ ነው። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጤፍን እንደ ወትሮው በብተና ከመዝራት ይልቅ በመስመር መዝራት እንደሚሻል በሰፊው ተሰበከ። የሳይንሱ መነሻ ትክክል ነበር። በብተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈስሳል፤ ቡቃያው ተጨናንቆ ስለሚበቅል ለምግብና ለብርሃን ይሻማል፤ አገዳው ቀጭን ስለሚሆንም በቀላሉ ይጋሸባል፣ ማለትም ወድቆ ይተኛል። በመስመር ሲዘራ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ እያንዳንዱ ተክልም ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ማረሙም ይቀላል። የዘመቻው ድጋፍም ቀላል አልነበረም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሁሉ ተሰልፈውለት ነበር። ከቁንጮ ይልቅ ብዙ የተወራለት እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ፍሬ አለ። ይህንን በጭቃ ማሳ ላይ፣ በእጅ ወይም በተበሳ ጠርሙስ፣ ጎንበስ ብሎ መስመር ለመስመር ማንጠባጠብ፣ ያውም የክረምቱ ሥራ ሁሉ በተደራረበበት በሐምሌ፣ ብዙ ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው። በብተና በግማሽ ቀን የሚያልቀው ማሳ የቤተሰቡን ጉልበት ለቀናት ይይዛል። ጉዳዩን ያጠኑ የግብርና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንዳሳዩት፣ በመስመር የዘሩ ገበሬዎች የጉልበት ወጪ በእጅጉ በመጨመሩ በአንድ የሥራ ቀን ያገኙት ምርት ቀነሰ። ለመሬቱ የተሻለ የነበረው ነገር ለገበሬው ትከሻ የተሻለ አልነበረም። ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ብዙዎች ወደ ብተናው መመለሳቸውን «ለውጥ ከመጥላት» የመጣ አድርጎ የሚያይ ባለሥልጣን ካለ፣ ያው ገበሬ ቁንጮን እንዴት እንደተቀበለ ሊያስረዳ ይገባዋል።

ባሕር ዛፍም በዚሁ መነጽር ሊታይ ይችላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተጨንቃ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ በተደረሰበት ወቅት የገባው ይህ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳቱ ያልተባለ ነገር የለም፤ ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል፣ ሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም ይባላል። ከአዋጅ እስከ ምክር ተሞክሯል፤ ገበሬው ግን መትከሉን አላቆመም። ምክንያቱን እርሱ ሲናገረው ቀላል ነው። ከብትና ፍየል አይበሉትም፤ ስለዚህ አጥርም እረኛም አይፈልግም። ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በአራትና በአምስት ዓመት አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ ሠርግ፣ ሕመም ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ በመጣ ጊዜም ገዢ አይጠፋለትም። የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ ከእርሱ ጋር ሲወዳደር ዛፍነቱ አያንስም፤ የሚያንሰው ለጠባቂው የሚከፍለው ነው።

እስካሁን ያነሳነው የመቀበያ ዋጋን ነው፤ ይሁን እንጂ የሚያዋጣ ነገር ሁሉ ወዲያው አይስፋፋም። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ የተባሉ የአሜሪካ የገጠር ሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጥናቱ በአዮዋ ግዛት ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦች ውስጥ ድቃይ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተስፋፋ ይመረምራል። ድቃዩ ዘር በምርት ከአሮጌው በ20 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር፤ ድርቅንም ይቋቋማል። ከተጠየቁት 259 ገበሬዎች መካከል ከ1928 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ተቀበሉት። ይህ ግን በአንድ ጊዜ የሆነ አይደለም፤ አንድ ገበሬ ስለ ዘሩ ከሰማበት እስከ ተቀበለበት ያለው ጊዜ ዓመታትን ይቆጥር ነበር። የተቀበሉትም ቢሆኑ በመጀመሪያው ዓመት የዘሩት በጥቂት የማሳቸው ክፍል ብቻ ነው። በተጨማሪም አብዛኞቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች ቢሆንም፣ እንዲወስኑ ያደረጋቸው ግን የጎረቤት ማሳ መሆኑን ተናግረዋል።

የዚህን የጥናት መስክ ስም ያስጠሩት ኤቨረት ሮጀርስም የአዮዋ ገበሬ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ለእርሻ ማሽን ቀናዒ ቢሆኑም ድቃዩን በቆሎ ለዓመታት አልቀበልም ብለው ቆዩ። በ1936 ድርቅ ሲመታ የእርሳቸው በቆሎ ጠውልጎ የጎረቤታቸው ድቃይ በቆሎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ተቀበሉ። ማሽኑንና ዘሩን የለያያቸው የሰውየው ጠባይ አይደለም። ማሽን ሲሠራ ይታያል፤ ዘር ግን ከረጢት ውስጥ እንዳለ ከሌላው ዘር አይለይም፤ በዚያ ላይ በየዓመቱ በገንዘብ የሚገዛ መሆኑ ከራስ ጎተራ ዘር መምረጥን እንደ ሙያ ለሚቆጥር ገበሬ የሚዋጥ አልነበረም። ጥቅሙ ዓይን የሚያየው እንዲሆን ድርቅ መምጣት ነበረበት። ሮጀርስ በኋላ ላይ አንድን አዲስ ነገር ፈጥኖ ከሚያስፋፉት ጠባያት መካከል ውጤቱ ለሌላ ሰው መታየቱን፣ በትንሹ መሞከር መቻሉንና ከነባሩ አኗኗር ጋር መስማማቱን የቆጠሩት ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ተነስተው ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን ተቀባዩ ውሎ አድሮ ጥቅሙን መመዘን የሚችልባቸው ነገሮች ናቸው። ጤፍ በኩንታል ይለካል፤ የተላከ ገንዘብ ደርሷል ወይም አልደረሰም። ዘፈን፣ የልብስ ፋሽን ወይም ፖለቲካዊ መፈክር ግን በምን ይለካል? እዚህ ላይ የሌሎች ሰዎች ምርጫ ማስረጃ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ራሱ መለኪያ ይሆናል። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህንን በግልጽ ያሳየ ነው። ከ14,000 በላይ ሰዎች ከማይታወቁ ባንዶች የተሰበሰቡ 48 ዘፈኖችን በኢንተርኔት እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ ተደረገ። ከፊሎቹ ሌሎች ምን እንደመረጡ አያዩም። የቀሩት ደግሞ እርስ በርስ በማይገናኙ ስምንት ቡድኖች ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ዘፈን በየራሳቸው ቡድን ስንት ጊዜ እንደወረደ ያዩ ነበር።

ጥራት ብቻውን የሚወስን ቢሆን በስምንቱም ቡድን የሚያሸንፈው ዘፈን አንድ በሆነ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በአንዱ ቡድን ከፊት የተሰለፈው ዘፈን በሌላው ወደ ኋላ ቀረ፤ የሌሎችን ምርጫ ማየት የተፈቀደላቸው ቡድኖች ውስጥ በታዋቂውና ባልታወቀው መካከል ያለው ርቀትም ይበልጥ ሰፋ። እጅግ ጥሩ የሚባሉት ዘፈኖች ፈጽሞ የወደቁበት፣ መጥፎዎቹም ከሁሉ የላቁበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም፤ በመሐል ባሉት ላይ ግን የፈለገው ሊሆን ይችል ነበር። መጀመሪያ የገቡት ጥቂት አድማጮች በአጋጣሚ ያወረዱት ዘፈን ለተከታዮቹ ምልክት ሆነ፤ ምልክቱም ራሱን እያባዛ ሄደ። ዛሬ ቲክቶክና ዩቲዩብ የተመልካቹን ብዛት ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር የሚያሳዩን በመሆናቸው፣ ሁላችንም የምንኖረው ቁጥር በሚታይበት ቡድን ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዘፈን ከገነነ በኋላ «ሕዝቡ ይህንን የወደደው እንዲህ ስለሆነ ነው» እያሉ የሚቀርቡ ማብራሪያዎችን በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ይመስለኛል። ያው ተንታኝ ሌላው ዘፈን ገንኖ ቢሆን ኖሮ ለእርሱም በቂ ምክንያት አያጣም ነበር።

እንግዲህ በአገራችን በዚህ ዘመን ከፍተኛ ቁጥር የሚጠራበትን ቴሌብርን በእነዚህ መለኪያዎች ማየት ይቻላል። ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎቱን የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። ከእርሱ በፊት ኤም-ብርና ሄሎካሽ ነበሩ፤ በባንኮችና በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ላይ ተመሥርተው ለዓመታት ቢሠሩም የዚህን ያህል አልሰፉም። ሐሳቡ ቀድሞ ነበር፤ ቴክኖሎጂውም ቀድሞ ነበር። ያልነበራቸው ነገር ቢኖር በአገሪቱ ያለ እያንዳንዱ የሞባይል ደንበኛ፣ የካርድ ቸርቻሪ ሁሉና የመንግሥት ተቋማት ክፍያ በአንድ እጅ መሆናቸው ነው። ላኪ የሚልከው ተቀባዩ ካለ ብቻ ነው፤ ተቀባይም የሚመዘገበው የሚልክለት ካለ ነው፤ ይህን ክብ ለመስበር ገና ከመነሻው ብዙ ሰው ያለው ኩባንያ ያስፈልጋል። ሳፋሪኮም በኬንያ የነበረው ዕድል በኢትዮጵያ የኢትዮ ቴሌኮም ነበር፤ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ኤም-ፔሳን ይዞ የመጣው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ እዚህ ቮዳኮም በደቡብ አፍሪካ በነበረበት የእንግዳ ቦታ ላይ ተገኘ።

ከኬንያው ጋር የማይመሳሰል አንድ ነገር ግን አለ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲወሰን፣ ሹፌሩ መተግበሪያውን የጫነው ጎረቤቱን አይቶ ወይም በትንሹ ሞክሮ ሳይሆን ያለዚያ ማደያው ስለማያስተናግደው ነው። የተለያዩ የመንግሥት አገልግሎት ክፍያዎችም ወደዚሁ መንገድ ገብተዋል። ግዴታ መጥፎ ጅማሬ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ብዙ ሰው ተገዶ የጀመረውን ነገር ጥቅሙን ካየ በኋላ በፈቃዱ ሲቀጥልበት ይታያል። ለምሳሌ ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር የቀረቡት «እንደኪሴ» እና «መላ» የተባሉት አነስተኛ የብድር አገልግሎቶች፣ መያዣ የሌለው ሰው በችግሩ ቀን ከጎረቤት ወይም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ከመጥናት የሚገላግሉት በመሆናቸው፣ ማንም ሳያስገድደው የሚፈልጋቸው ናቸው። ችግሩ ያለው በግዴታ የመጣው ቁጥርና በፍላጎት የመጣው ቁጥር በአንድ የሪፖርት ዓምድ ውስጥ ተደምረው ሲቀርቡ ነው። የቮዳኮም አንድ ሚሊዮን ተመዝጋቢ እና 76,000 ተጠቃሚ ሲነጻጸሩ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ በመስመር የመዝራት ዘመቻም በደመቀበት ሰሞን ስንት ሰው እንደዘራ እንጂ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ሰው ሳይጠየቅ እንደሚዘራ ብዙም አይጠየቅም ነበር።

ቴሌብርን ለመመዘን ከተመዝጋቢው ብዛት ይልቅ የሚሻል ቦታ ያለው ይመስለኛል፤ እርሱም የሰፈር ባለሱቅ ነው። ደንበኛው በስልክ የከፈለውን ገንዘብ ባለሱቁ ማታውኑ ወደ ጥሬ ብር የሚለውጠው ከሆነ፣ ለእርሱ አገልግሎቱ ገንዘቡ ለጊዜው የሚያልፍበት መተላለፊያ ብቻ ነው። ያንኑ ሂሳብ ሳያወጣ ለጅምላ አከፋፋዩ የሚከፍልበት፣ ዕቁብ የሚጥልበት፣ ለወላጆቹ የሚልክበት ከሆነ ግን፣ ነገ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ ይቀዳ ቢባል እንኳ አይተወውም።